ከፕሮስቴት ዕጢ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ የአመጋገብ ምክር፦ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች

በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የሚኖር አንድ አዛውንት ገበሬ በፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ምክንያት ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሽንቱ ፈጽሞ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት፥ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ መነሣቱን፥ የሽንቱን መቅጠንና መንጠባጠብ እንደ እርጅና ወግ ቆጥሮ ያሳልፋቸዋል። በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ካቴተር ይገባለትና ወደ ደብረ ታቦር፥ ወይም ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ሆስፒታሎች ይላካል። በአገራችን ለዚህ ሕመም በብዛት የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ከእምብርት በታች ያለው የሆድ ክፍልና ፊኛው ተከፍተው ያደገው ዕጢ የሚወጣበት ነው። በሽንት ቧንቧ በኩል በመሣሪያ የሚሠራው ዘዴ በአንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢኖርም ለገጠሩ ነዋሪ ገና በቀላሉ የሚደረስበት አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ሊጠናቀቅ ይችላል። ማገገሙ ግን ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚህም ውስጥ በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚያልፈው አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው በቤት ነው። በቤት ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ነገር ሕመምተኛው ይዞት የሚሄደው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፦ «ጥሩ ጥሩ ነገር ይብሉ።» ቤተ ሰቡም ይህን ቃል እንደ ልማዱ ይተረጉመዋል። በግ ይታረዳል፥ ዶሮ ይሠራል፥ ቅቤ ይነጠራል፤ ጠያቂ ይመጣል፤ ሕመምተኛው ሁለትና ሦስት ቀን ሥጋ ይበላል። ከዚያ በኋላ በጉም ያልቃል፥ ገንዘቡም ያልቃል። በእነዚያ ቀናት ሰውዬው ስንት ጣሳ ውኃ እንደጠጣ፥ ዓይነ ምድር ወጥቶ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ በመጀመሪያ ውኃ፥ ቀጥሎ የሆድ ልስላሴ፥ ከዚያም ገንቢ ምግብ። በጉ ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖርም ሕመምተኛው ይድናል።

በፊኛው ሥር የሚቀረው ቁስል

ያደገው ዕጢ ተፈልቅቆ ከወጣ በኋላ በቦታው የሚቀረው ክፍተት በስፌት አይሸፈንም። የሆዱ ቆዳ በአንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጠግግ የውስጡ ቁስል ግን በረጋ ደምና በሞተ ሕብረ ሕዋስ ተሸፍኖ ይቆያል። ይህ ሽፋን ብዙውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይላቀቃል። ካቴተሩ ወጥቶ፥ ሽንቱ ጠርቶ፥ ሕመምተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ቤቱ በገባበት ጊዜ ሽንቱ እንደገና ቀላ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። ቀለል ያለ መቅላት በዕረፍትና በውኃ ይጠራል። ሰውዬው ዓይነ ምድር ለመውጣት በኃይል ካማጠ ግን በዳሌው ውስጥ ያሉት የደም መላሽ ሥሮች ግፊት ይጨምራል፤ ያልጠነከረው ቁስልም ይደማል። ሽንቱ ጥቂትና የተወፈረ ከሆነ ደሙ በፊኛ ውስጥ ይረጋል፥ የሽንት ቧንቧውንም ይደፍናል።

ለምሳሌ ያህል ከላይ ጋይንት የመጣ አንድ የ68 ዓመት ገበሬ እንውሰድ። በዘጠነኛው ቀን ካቴተሩ ወጣለት፤ ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል፥ ለደም ማነስ የብረት እንክብል ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሽንቱ ስለሚያቃጥለው ውኃ መጠጣት ፈራ። የሚመገበው ሥጋና ደረቅ ቂጣ ነው። አራት ቀን ዓይነ ምድር አልወጣም። በአምስተኛው ቀን አምጦ ወጣ፤ በዚያው ዕለት ማታ ሽንቱ ደም ሆነ፥ ሌሊት ተዘጋ። በአካባቢው ባለው ጤና ኬላ የረጋ ደም የሚያጥብ ወፍራም ካቴተር የለም። ሲነጋ በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ፥ ከዚያም መኪና ከተገኘ ወደ ደብረ ታቦር ይወሰዳል። ጋይንት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት የደረሰበት አገር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም። እንዲህ ባለ ሁኔታ «ችግር ካለ ተመልሰው ይምጡ» የሚለው ምክር ብቻውን የሚተማመኑበት አይደለም። ይህ ሰው የደማው በቀዶ ሕክምናው ጉድለት ሳይሆን በውኃ ማነስና በሆድ ድርቀት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ከመሰናበቱ በፊት በአሥር ደቂቃ ንግግር ሊቀሩ ይችሉ ነበር።

በሆስፒታል ውስጥ ያሉት ቀናት

ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ማለት አያሻም፤ ሆኖም አንድ ልማድ መታረም ይኖርበታል። በአንዳንድ ክፍሎች ሕመምተኛው «ንፋስ እስኪወጣው» ድረስ ምግብና ውኃ ይከለከላል። በፊኛ በኩል የሚሠራው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና አንጀት ወዳለበት የሆድ ዕቃ ሽፋን ውስጥ አይገባም፤ አንጀቱም አይነካም። ብዙውን ጊዜ የሚሠራውም በጀርባ በሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። ስለዚህ ማቅለሽለሽ ከሌለ ሕመምተኛው በዚያው ዕለት ውኃና አጥሚት መጠጣት፥ በማግሥቱም ፍትፍት መብላት ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረገው መከልከልም እንዲሁ ከልክ ያለፈ ነው። በዓለም አቀፍ መመሪያዎች መሠረት ጠጣር ምግብ ከ6 ሰዓት፥ ንጹሕ ፈሳሽ ደግሞ ከ2 ሰዓት በፊት ማቆም ለአብዛኛው ሕመምተኛ ይበቃል። ከማታ ጀምሮ ጦሙን ያደረ አዛውንት ተራው ከቀትር በኋላ ሲደርስ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባው ደርቆና ደክሞ ነው።

ውኃ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከጉና ተራራ ግርጌ ያሉት የፋርጣና የጋይንት ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። በብርድ አገር ሰው አይጠማውም። በእርጅና ጊዜም የጥም ስሜት ይቀንሳል። በዚህ ላይ ሽንት ያሠቃየው ሰው የራሱ አመክንዮ አለው፦ ብዙ ከጠጣሁ ብዙ እሸናለሁ፥ ብዙ ከሸናሁ ብዙ ያመኛል። ይህን አሳብ መናቅ አይገባም። መልሱን በሚታይ ነገር መስጠት ይሻላል። የተወፈረ ሽንት ቁስልን አብዝቶ ያቃጥላል፤ የቀጠነ ሽንት ግን ያጥባል። ሕመምተኛው በሽንት መሰብሰቢያ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን መልክ ጠዋትና ማታ እንዲያነጻጽር ማድረግ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ያሳምነዋል።

የልብ ድካም ወይም ያልተስተካከለ የኩላሊት ችግር የሌለበት ሰው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ሽንት እንዲኖረው ከሁለት እስከ ሁለት ሊትር ተኩል ፈሳሽ መውሰድ ይገባዋል። ይህን በሊትር መናገር በገጠር ትርጉም የለውም። ጣሳም እንደየቤቱ መጠኑ ይለያያል። ከሁሉ የሚቀለው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ የአንድ ሊትሩ ጠርሙስ ጠዋት ተሞልቶ ከምሳ በፊት እንዲያልቅ፥ እንደገና ተሞልቶ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት እንዲያልቅ ይነገረዋል። ካቴተሩ ከወጣ በኋላ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወዲህ የሚጠጣውን መቀነስ የሌሊት እንቅልፉን ያድንለታል፤ ካቴተሩ እስካለ ድረስ ግን ይህ ገደብ አያስፈልግም። መለኪያው የሽንቱ መልክ ነው። እንደ ገለባ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥቷል፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ አልጠጣም ማለት ነው።

አጥሚት፥ በሶ ብጥብጥ፥ ሾርባና የተልባ ውኃ ሁሉ ከዚህ መጠን ይቆጠራሉ። ጠበል የሚጠጣ ሰውም ያንኑ ይቁጠረው፤ ያልዳነውን የሆድ ቁስል ግን እንዳያረጥብበት መንገር ይገባል። ውኃው ከምንጭ ወይም ከወንዝ የሚቀዳ ከሆነ ይፈላ፥ ወይም በውኃ አጋር ይታከም፤ በዚህ ወቅት የሚመጣ ተቅማጥ ያገገመውን ሁሉ ይመልሰዋልና።

ቡና ጨርሶ አይከለከልም። ነገር ግን ካቴተር በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ቡናና ሻይ ሽንት ያጣድፋሉ፤ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን ለሌላው ቢተው፥ በሲኒው አጠገብም ውኃ ቢቀመጥለት ይበጃል። «ቢራና ጠላ ኩላሊት ያጥባሉ» የሚለው አባባል በከተማም በገጠርም የተስፋፋ ነው። አልኮል ሽንት ያበዛል እንጂ አያጥብም፤ ሰውነትን ያደርቃል፤ ከትራማዶል ጋር ሲሆን ከልክ በላይ ያደነዝዛል፤ ሞቅ ብሎት የተኛ ሰውም ፊኛው ሲሞላ አይነቃም። አረቄና ጠጅን ጨምሮ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ቢቆዩ ይሻላል።

አንድ ጉዳይ ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ሽንቱ ፈጽሞ የተዘጋበት ሰው ብዙ እንዲጠጣ አይመከርም። መውጫ የሌለው ፊኛ በተሞላ ቁጥር ሕመሙም መድማቱም ይብሳል። «ውኃ ይጠጡ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ «ሽንትዎ ካልተዘጋ» ከሚለው ጋር ይነገር።

የሆድ ድርቀት

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድ የሚደርቅበት ምክንያት ብዙ ነው። ትራማዶልና መሰል ማስታገሻዎች አንጀትን ያቀዘቅዛሉ፤ የብረት እንክብልም እንዲሁ። ሕመምተኛው ይተኛል እንጂ አይንቀሳቀስም። በሆስፒታል መጸዳጃ ቤት የካቴተር ከረጢት አንጠልጥሎ መግባት ያፍራል። ከሁሉም በላይ «የታመመ ሰው ምግብ» ተብለው የሚቀርቡት ነገሮች፥ ነጭ ዳቦ፥ ማካሮኒ፥ ሩዝና ሥጋ፥ አሠር የሌላቸው ወይም ያነሳቸው ናቸው። በጣና ዙሪያ ባሉት በፎገራ፥ በደራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገራል። ይህ ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም፤ ለዚህ ሕመምተኛ ግን ለጥቂት ሳምንታት የጤፍ፥ የገብስ ወይም የዳጉሳ እንጀራ ቢገኝለት ይመረጣል።

መድኃኒቱ ደጋው ራሱ የሚያበቅለው ነው። ተልባ በፋርጣና በጋይንት ይዘራል። ታምሶ፥ ተወቅጦ፥ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህሉ በአንድ ኩባያ ውኃ ተበጥብጦ ማታ ማታ ቢጠጣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ቀን ሆድን ያለሰልሳል። የሚሠራው ውኃ ወደ ራሱ ስቦ በማበጥ ነው፤ በመሆኑም ያለ በቂ ውኃ የተወሰደ ተልባ ድርቀቱን ሊያብሰው ይችላል። ሆዱ የተነፋና የሚያስመልስ ሰው ተልባ ከመጠጣቱ በፊት ይመርመር። የገብስ ቅንጬና ገንፎ፥ የባቄላ ንፍሮ፥ ጎመንና ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ሁሉ ያግዛሉ። ቆሎ ጥሩ ምግብ ነው፤ ይሁን እንጂ በዚህ ዕድሜ ጥርስ የሚጎድላቸው ብዙ ስለሆኑ ያው ገብስ በሶ ሆኖ ወይም ተነፍሮ ቢቀርብ ይበላል። ከቤት ወደ ደጅ፥ ከደጅ ወደ ጎረቤት እየተራመዱ መዋልም ከምግቡ ያላነሰ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሦስት ቀን ካለፈ ቢሳኮዲል በአፍ መስጠት ይቻላል፤ እንዲያውም ትራማዶል የታዘዘለት ሰው ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢታዘዝለት ጥበብ ነው። በፊንጢጣ የሚሰጥ የሆድ ማጠቢያ ግን ቀዶ ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይሰጥ። የፕሮስቴቱ ቁስል ከፊንጢጣው ግድግዳ ጋር የተጎራበተ ነው። ኮሶ በተመለከተም ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሥጋ ከተበላ በኋላ ኮሶ የመጠጣት ልማድ ያለው ሰው በዚህ ወቅት ቢጠጣ ብርቱ ተቅማጥና ድርቀት ያመጣበታል፤ የኮሶ ትል ካለበት ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ አለ።

ገንቢ ምግብ፦ የሒሳቡ ጉዳይ

ቁስል ለመጠገግ፥ የጠፋውን ደም ለመተካትና የከሳውን ጡንቻ ለመመለስ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲንና ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ጉልበት ይመከራል። ለ50 ኪሎ ሰው ይህ ከ60 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ቁጥሩ በገበሬ ቤት የማይደረስበት ይመስላል፤ ሲሰላ ግን እንደዚያ አይደለም።

አንድ መቶ ግራም የጤፍ ወይም የገብስ ዱቄት ከ10 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። አንድ መቶ ግራም ደረቅ ባቄላ ወይም ምስር ወደ 25 ግራም፥ ሽምብራ ወደ 20 ግራም ይሰጣል። አንድ የሐበሻ ዶሮ ዕንቁላል 5 ግራም ገደማ፥ አንድ ኩባያ ወተት ከ6 እስከ 8 ግራም አለው። በቀን 250 ግራም ዱቄት የሚሆን እንጀራና ገንፎ፥ ሁለት ጊዜ ጠንከር ያለ ሽሮ ወይም የምስር ወጥ፥ በመካከሉ አንድ እፍኝ የባቄላ ንፍሮ የበላ ሰው 60 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ዕንቁላልና ወተት ሲጨመሩ ይሞላል። በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል፤ በጥራጥሬ የሚያንሰውም በእህል። እንጀራ በሽሮ በሳይንስ ዓይንም የተገጠመ ማዕድ ነው። የሚጎድለው የሽሮው ውፍረት ነው። ለብዙ ሰው እንዲበቃ ቀጥኖ የተሠራ ሽሮ ከበርበሬና ከውኃ የማይለይበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ «ሽሮ ይብሉ» ማለት አይበቃም፥ «የእርስዎ ሽሮ ወፍራም ይሁን» መባል አለበት።

በጉን በተመለከተ፥ ሥጋ የብረትና የፕሮቲን ጥሩ ምንጭ መሆኑ አያጠራጥርም። ችግሩ ሰውነት የአንድ ሳምንት ፕሮቲን በሁለት ቀን ተቀብሎ ማከማቸት አለመቻሉ ነው። በዚያ ላይ ከታረደው በግ የሚበዛውን የሚበላው ጠያቂው ነው፤ ጠያቂን አለማስተናገድ ደግሞ ነውር ነው። ቤተ ሰቡ ለበግ ያሰበውን ገንዘብ ለስድስት ሳምንት በቀን አንድ ዕንቁላል ቢያደርገው ለሕመምተኛው የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ለገበያ የሚወጣውም ዕንቁላል ለጊዜው ቤት ይቅር። ከታረደም ሥጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ቢሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ወጡ ይገባል። ጥሬ ሥጋ ግን አይበላ፤ ወተቱም ይፈላ። ቅቤ የመብላት ፍላጎት ለሌለው ሰው ጉልበት ይጨምራል፤ ገንቢ ምግብን ግን አይተካም።

ስለ ጓያ ሳይነሣ አይታለፍም። ጓያ በፎገራና በደራ ሜዳ ይዘራል፤ ርካሽ በመሆኑም ከሽሮ ይቀላቀላል። ብዙ ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ መሆኑ በዚህ አካባቢ በጥናት የታወቀ ነው። በሕመሙ መጀመሪያ ላይም የሽንት መጣደፍና ሌሊት መብዛት ሊታይ ስለሚችል ከፕሮስቴት ሕመም ጋር ይምታታል። ጥራጥሬ ስንመክር ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ምስርና አተር ብለን በስማቸው እንጥራ።

ድንች በጋይንትና በፋርጣ የብዙ ቤት መደገፊያ ነው፤ ጉልበት ይሰጣል፥ ቫይታሚን ሲም አለው፥ ፕሮቲኑ ግን ከመቶ ግራም 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። በክረምት ጎተራው ሲሟጠጥ ድንች ብቻ የሚበላ ሕመምተኛ ሆዱ ቢጠግብም ቁስሉ ይዘገያል። የክንዱ ዙሪያና ክብደቱ በሚሰናበትበት ቀን ተመዝግቦ በስድስተኛው ሳምንት ቢነጻጸር፥ ምክሩ መሥራት አለመሥራቱን ያሳያል።

ጾም

መኸር ከገባ በኋላ ገበሬው ጊዜም ገንዘብም ስለሚኖረው ለቀዶ ሕክምና የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በበጋ ነው። ያ ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ክረምት ላይ የተሠራለት ፍልሰታን ያገኛል። በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ አለ።

የጤና ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጾሙን በሥጋና በወተት መከልከል ብቻ ስለሚመለከተው ነው። ከላይ በተሰላው መሠረት የጾም ምግብ፥ ሽሮው ከወፈረና ንፍሮው ከተጨመረ፥ ሱፍ ፍትፍትና የተልባ ፍትፍት ከታከለ፥ ለቁስል ማገገሚያ የሚሆነውን ፕሮቲን ሊሰጥ ይችላል። ጉዳቱ ከሰዓቱ ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ሁለቱን ሊትር በቀሪው ጊዜ ሊጨርሰው አይችልም፤ ቢሞክርም ሌሊቱን ሲሸና ያድራል። በመሆኑም ለሕመምተኛው የሚቀርበው ልመና «ጾሙን ይፍቱ» ሳይሆን «ውኃውን በጠዋት ይጀምሩ» ቢሆን ተቀባይነቱ ይጨምራል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ታሰናብታለች፤ ፈቃዱን የሚሰጡት ግን የንስሐ አባቱ እንጂ ሐኪሙ አይደሉም። ከመሰናበቱ በፊት የንስሐ አባቱ በስልክ ተነጋግረው ቢፈቅዱለት ሕመምተኛው ያለ ጸጸት ይጠጣል። ሕመምተኛው ቄስ ወይም ዲያቆን ከሆነ፥ በዚህ አገርም ብዙዎች ናቸው፥ ለቅዳሴ ጦም ማደርና መዋል ስላለበት ለስድስት ሳምንት ተራውን ሌላ አገልጋይ እንዲይዝለት ቀደም ብሎ ይታሰብበት። በረመዳን ለሚጾሙ ሙስሊም ሕመምተኞችም ሃይማኖታቸው ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ እንዲያስተላልፍ ይፈቅድለታል።

ምግብና መድኃኒት የሚጋጩበት

ካቴተር ለነበረው ሰው ሲፕሮፍሎክሳሲን በብዛት ይታዘዛል። ይህ መድኃኒት ከወተት፥ ከእርጎ ወይም ከብረት እንክብል ጋር ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። «መድኃኒቱ እንዳይጎዳዎ በወተት ይዋጡት» የሚለው ቸር ምክር መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን በውኃ ተውጦ ወተቱም ብረቱም ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይወሰዱ፤ ተልባውም ከማንኛውም መድኃኒት ይራቅ። የብረት እንክብል ከቡናና ከሻይ ጋር አይወሰድ፤ ሆድ ካደረቀ አንድ ቀን እየዘለሉ መስጠት ይቻላል።

ኩላሊቱ በሽንት መዘጋት የተጎዳ ሰው የተለየ ነው። ክሬያቲኒንና ፖታስየም ሳይታይ ድንች፥ ምስርና ባቄላ በብዛት እንዲበላ መምከር አደጋ አለው። የስኳር ሕመምተኛ የሆነ አዛውንት ጠያቂ ያመጣለትን ሚሪንዳና ማር የገባበትን አጥሚት በውኃ ፋንታ እንዳይጠጣ ይነገረው።

በከተሞች «ለፕሮስቴት» እየተባሉ የሚሸጡ የቫይታሚንና የዕፅዋት እንክብሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነ፥ ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት ቫይታሚን ኢ የፕሮስቴት ካንሰርን ከመከላከል ይልቅ በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። ለእንክብሉ የሚወጣው ገንዘብ ለዕንቁላል ይዋል።

ምክሩን የሚሰማውና ምግቡን የሚሠራው

በሆስፒታል አስታማሚ ሆኖ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ወንድ ልጅ ነው። የመሰናበቻውን ምክር የሚሰማው እርሱ ነው፤ ወጡን የምትሠራው፥ ሽሮውን የምታወፍረው ወይም የምታቀጥነው፥ ተልባውን የምትወቅጠው ግን ቤት የቀረችው ሚስት ወይም ምራት ናት። መልእክቱ በመካከል «በደንብ ይብላ ተብሏል» ወደሚል ያጥራል። ስለዚህ በሚሰናበትበት ዕለት ቤት ካለችው ሴት ጋር በስልክ መነጋገር፥ ስልክ በሌለበትም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አራት መስመር ጽፎ መላክ ይገባል፦ በቀን ሁለት ጠርሙስ ውኃ፤ ማታ ተልባ፤ ወፍራም ሽሮና ንፍሮ በየቀኑ፥ ፍስክ ከሆነ ዕንቁላል፤ እስከ ስድስት ሳምንት ሸክምና እርሻ የለም።

በዚያው ወረቀት ላይ ቶሎ ወደ ሆስፒታል የሚያስመልሱት ነገሮች ይጻፉ፤ የረጋ ደም ያለበት ወይም ደማቅ ቀይ ሽንት፥ የሽንት መዘጋት፥ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፥ የቆለጥ እብጠትና ሕመም፥ ከሆዱ ቁስል የሚወጣ ሽንት፥ የአንድ እግር ማበጥ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ብትጎበኝ የሚሻለው ጊዜ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን መካከል ነው። ጥያቄዎቹም ሁለት ናቸው፦ «አባቴ፥ ዛሬ ስንት ጠርሙስ ጠጡ? ዓይነ ምድር ከወጡ ስንት ቀን ሆነዎ?» ለመጀመሪያው «ገና» ፥ ለሁለተኛው «ሦስተኛ ቀኔ ነው» የሚል መልስ ካገኘች በዚያው ዕለት ውኃውን ማስጀመርና ማለስለሻ መስጠት፥ ሽንቱንም በዓይኗ ማየት ይኖርባታል።